የወረዳን ድህነት ለመገመት የትኛው ዘዴ ይሻላል? ከአሥራ ሁለት ቤት ናሙና እስከ ሳተላይት

«የእኛ ወረዳ ድህነት ስንት በመቶ ነው?» የወረዳ ፕላን ባለሙያ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም፤ ወይ አስተዳዳሪው ይጠይቀዋል፣ ወይ ፕሮጀክት ይዞ የመጣ ድርጅት። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የክልሉ ቁጥር ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የቤተሰብ የፍጆታ ወጪ ጥናት ለአማራ ክልል 26.1 በመቶ ስላለ፣ ዋግ ኽምራ ያለው ወረዳም አዊ ያለው ወረዳም 26.1 ብሎ ይጽፋል። ሰቆጣንም እንጅባራንም በዓይኑ ያየ ሰው ግን ይህን አይውጠውም።

ጥናቱ ጥፋት የለበትም። የተሠራው የአገርንና የክልልን ቁጥር ለማውጣት ነው፤ ከዚያ በታች ልውረድ አላለም። ወደ ወረዳ የሚያወርዱ ስታቲስቲካዊ ዘዴዎች አሉ፤ ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱም የሚምልበት ሰው አያጣም። ሳወዳድራቸው በአንድ ነገር ወገን ይዣለሁ፦ ዘዴ የሚመረጠው በእጅ ባለው መረጃ ዕድሜና ጥራት ነው፣ በሒሳቡ መራቀቅ አይደለም። ስለዚህ ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት የሚጠየቀው፣ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መቼ ተካሄደ፣ የሚወጣው ቁጥርስ ለምን ውሳኔ ነው የሚል ነው።

ቀጥታ ግምት፦ የአሥራ ሁለት ቤት ነገር

ቀላሉ መንገድ ከጥናቱ ውስጥ የወረዳዋን ቤተሰቦች ለይቶ ከድህነት መስመር በታች ያሉትን መቁጠር ነው። በ2008ቱ ጥናት መስመሩ ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ ናሙናውም ወደ 30 ሺህ ቤተሰብ። 30 ሺህ ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በገጠር ከተመረጠ እያንዳንዱ የቆጠራ ቦታ (ለቆጠራ ተብሎ የተከለለ ትንሽ አካባቢ) የተጠየቁት 12 ቤቶች ናቸው፤ የተመረጡት የገጠር የቆጠራ ቦታዎች ደግሞ በአገር ደረጃ ከ900 አይሞሉም። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ወረዳዎች ሲከፋፈል አንዷ አንድ የቆጠራ ቦታ ይደርሳታል፣ ሌላዋ ሁለት፣ ጭራሽ ያልደረሳትም አለች።

አንድ የቆጠራ ቦታ የደረሳትን ወረዳ እንውሰድ። ከ12ቱ ቤቶች 3ቱ ከመስመሩ በታች ሆኑ እንበል፤ 25 በመቶ ማለት ነው። (ኦፊሴላዊው አሠራር ሰው እንጂ ቤት አይቆጥርም፤ እዚህ ነገሩን ለማቅለል በቤት እንሂድ።) መደበኛ ስህተቱ፣ ማለትም የናሙና ግምት ከእውነተኛው ቁጥር በተለምዶ የሚርቅበት መጠን፣ 12.5 የመቶኛ ነጥብ ይወጣል። ሁለት እጥፉን ወደ ላይና ወደ ታች ስንዘረጋው እውነተኛው ቁጥር ከዜሮ እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል የትም ሊያርፍ ይችላል። ይህ ስሌት ራሱ ቸር ነው። 12ቱ ቤቶች ጎረቤታሞች ናቸው፤ የአንዱን ማሳ በረዶ ሲመታው የሌላውም አይተርፍም። ስለዚህ የ12 የተራራቁ ቤቶችን ያህል ወሬ አይነግሩንም።

እንዲህም ሆኖ ቀጥታ ግምትን ችላ ማለት ስህተት ነው። ሞዴል የለውም፣ ግምታዊ ሐሳብ አይለምንም፤ ናሙናው በቂ በሆነበት ቦታ ማንም አይበልጠውም። ለክልል፣ ለአዲስ አበባና ብዙ ቤተሰብ ለተጠየቀባቸው ትልልቅ ከተሞች ሌላ ዘዴ መፈለግ ልፋት ነው። ለዞንም ናሙናውን ዓይቶ መወሰን ይቻላል። ወደ ሌላ ዘዴ ለሚያልፍ ሰውም መነሻው ይኸው ቁጥር ስለሆነ፣ ከነስህተቱ መጀመሪያ ይሰላ።

ፌይ-ሄሪዮት፦ ሁለት ምስክር

እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ፌይና ሮጀር ሄሪዮት የተባሉ የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ ባለሙያዎች በጣም ጥቂት ሰው የሚኖርባቸውን ቦታዎች ገቢ ለመገመት ያወጡት ዘዴ ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሁለት ምስክር እንደማቅረብ ነው። አንደኛው ቦታው ላይ ነበር፣ ዓይኑ ግን ደካማ ነው፤ ይህ ቀጥታ ግምቱ ነው። ሁለተኛው ቦታው ላይ አልነበረም፣ ነገር ግን የዚያ ዓይነት አካባቢ ምን እንደሚመስል ከሌሎች ብዙ ወረዳዎች ተምሯል፤ ይህ ሞዴሉ ነው፤ ዝናቡን፣ ከአስፋልት ያለውን ርቀት፣ የትምህርት ሽፋኑን ዓይቶ ይገምታል። ዳኛው የሁለቱንም ቃል እንደየታማኝነቱ ይመዝናል።

በቁጥር እንየው። የወረዳችን ቀጥታ ግምት 25 በመቶ፣ ስህተቱ 12.5 ነጥብ ነበር። ሞዴሉ ደግሞ «እንዲህ ዓይነት ወረዳ 41 በመቶ ይሆናል» ይላል፤ የራሱ መሳሳት 6 ነጥብ ያህል ነው። ክብደቱ የሚሰላው ስህተቶቹን በየራሳቸው በማባዛት ነው፦ የሞዴሉ 36 (6 በ6)፣ የቀጥታው 156 (12.5 በ12.5)፤ 36 ለሁለቱ ድምር ሲካፈል 0.19 ነው። ስለዚህ ቀጥታ ግምቱ 19 በመቶ ድምፅ ያገኛል፣ ሞዴሉ 81 በመቶ፤ ውጤቱ 38 ይሆናል። ስህተቱም ከ12.5 ወደ 5.4 ገደማ ይወርዳል። አሁን ደግሞ ወደ 470 ቤተሰብ የተጠየቀባትን ከተማ እንውሰድ፤ የእሷም ቀጥታ ግምት 25፣ የሞዴሉም 41 ይሁን። እዚህ የቀጥታው ስህተት 2 ነጥብ ብቻ ስለሆነ 90 በመቶ ድምፅ ይወስዳል፤ ውጤቱ 26.6 ነው። የዘዴው ውበት እዚህ ላይ ነው፤ መረጃ ያለውን አይነካውም፣ የሌለውን ይደግፋል።

የቤተሰብ ዝርዝር አለመፈለጉም ትልቅ ነገር ነው። የሚያስፈልገው በወረዳ ደረጃ የተጠቃለለ ቁጥር ስለሆነ የምስጢራዊነት ደብዳቤ መጻጻፍ ይቀራል፤ የቆጠራው ማርጀትም ያን ያህል አያሰጋም፣ ምክንያቱም የዘንድሮን ዝናብ ወይም የዘንድሮን የሌሊት መብራት ማስገባት ይቻላል። አሜሪካኖች የየካውንቲውንና የየትምህርት ወረዳውን ድህነት በየዓመቱ የሚያወጡት በዚህ መንገድ ነው፤ የቤተሰብ ጥናታቸውን ከግብር መረጃና ከምግብ ድጎማ ተጠቃሚዎች ቁጥር ጋር ያጣምራሉ፤ ለትምህርት ቤቶች የሚሄድ የፌዴራል ገንዘብም በዚያ ይከፋፈላል። ቺሊም ከ340 ለሚበልጡ ኮሙናዎቿ (የታችኛው እርከን አስተዳደሮቿ) የምትጠቀመው ይህንኑ ነው።

ችግሩን ልንገራችሁ። ከ12ቱ ቤቶች አንድም ድሃ ካልተገኘ ቀጥታ ግምቱ ዜሮ ነው፤ በተለመደው ቀመር ስህተቱም ዜሮ ይወጣል። ያን ጊዜ ዘዴው «ይህ ምስክር ፈጽሞ አይሳሳትም» ብሎ ያምንና ወረዳዋን ድህነት የሌለባት ያደርጋታል! እኛ ያለን ዓይነት ናሙና ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። መፍትሔው ስህተቶቹን እንዳሉ ከመውሰድ ይልቅ በብዙ ወረዳዎች ላይ ማለሳለስ፣ ወይም እንደ ቺሊዎቹ መቶኛውን አርክሳይን በተባለ የሒሳብ ቀመር ቀይሮ መሥራት ነው። ይህን ሳያነሳ በፌይ-ሄሪዮት ሠራሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ዜሮ የወጣባቸውን ወረዳዎች ምን እንዳደረጋቸው ጠይቁት።

ሁለተኛው ጉዳይ ለሞዴሉ የሚቀርበው መረጃ ነው። ከሳተላይትና ከካርታ የሚወሰድ ቁጥር ወረዳ ከወረዳ አያዳላም። የጽሕፈት ቤት ሪፖርት ግን እንደ ሊጥ ነው፤ ሲያድር ኩፍ ይላል፣ ኩፍታውም በየወረዳው ይለያያል። እኔ ብሆን የመስኖ ሽፋን ሪፖርትን አላስገባም።

ቆጠራን ከጥናት ማጋባት

ብዙ ሰው «የድህነት ካርታ» ሲል በአእምሮው ያለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤልበርስ፣ ጂን ላንጆውና ፒተር ላንጆው ዘዴውን በጽሑፍ አሳተሙት፤ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል «ኢኤልኤል» ይባላል። ቀደምት ሥራው ኢኳዶር ላይ ነው። የዓለም ባንክ ፖቭማፕ የተባለ ሶፍትዌር በነፃ ስላደለ በብዙ ታዳጊ አገሮች ተሠርቶበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፍጆታ ጥናቱ የቤተሰቡን ወጪም ጠይቋል፣ ቤቱ ምን እንደሚመስልም ጠይቋል። ቆጠራው ወጪ አልጠየቀም፤ ስለ ቤቱና ስለ ሰዎቹ ግን ጠይቋል። ስለዚህ በጥናቱ ላይ «የቤተሰብ ብዛት፣ የአባወራው ትምህርት፣ የጣሪያው ዓይነት፣ የሚነደው ነገር ወጪን እንዴት ይናገራሉ?» የሚል ሪግረሽን (ግንኙነቱን በቀመር የሚያስቀምጥ ስሌት) ይሠራል። ከዚያ ያንን ቀመር ወስዶ በቆጠራው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ቤት ወጪ ይገመታል፤ በእያንዳንዱ ግምት ላይ የዘፈቀደ ስህተት እየጨመሩ መቶ ጊዜ ይደጋገማል፤ በየዙሩ ድሃው ይቆጠርና አማካዩ ይወሰዳል። ፍሬው ብዙ ነው፦ የድህነት መጠን ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱና የገቢ ልዩነቱም ይወጣል፤ አንድም ቤት ያልተጠየቀባት ወረዳ እንኳ ቁጥር ታገኛለች።

ይህ ሁሉ የቆመው ግን ቆጠራውና ጥናቱ አንድ ዘመን ላይ መሆናቸው ላይ ነው። የእኛ ሦስተኛው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ቆርቆሮን እንውሰድ። በ1999 በብዙ የገጠር ቀበሌ የቆርቆሮ ጣሪያ «እገሌ ደህና ነው» ያሰኝ ነበር። ዛሬ ሳር ቤት ፍለጋ ብዙ የሚያስኬድ ቀበሌ አለ፤ ድሃውም ቆርቆሮ ሥር ነው የሚያድረው። በኋላ ዘመን ጥናት የተማረ ሞዴል ቆርቆሮን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ላይ ሲያርፍ ግን ያ ምልክት ሌላ ትርጉም ነበረው። ሞባይልማ አይነሳ። የጥያቄውም አጠያየቅ መመሳሰል አለበት፦ ጥናቱ «ዋና የማብሰያ ነዳጅ» ብሎ፣ ቆጠራው በሌላ አከፋፈል ጠይቆ ከሆነ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም ነገሩ አንድ አይደለም። ሁለቱን መጠይቆች ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ የሁለቱን አማካይ በክልል ደረጃ ማነጻጸር የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህን ሳምንት ነው።

ከዚህ ሌላ ትችትም አለበት። ታሮዚና በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አንገስ ዲተን እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ ዘዴው በአንድ ክልል ውስጥ ተመሳሳይ ቤት ያላቸው ሰዎች በየትም ወረዳ ተመሳሳይ ወጪ አላቸው ብሎ ስለሚነሳ፣ ስህተቱን ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። ሞሊናና ራኦ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 እዚያው መዝገብ ውስጥ ያለ ነገር እንደሚባክን አስተዋሉ፦ ከወረዳዋ የተጠየቁት ቤቶች ሞዴሉ ከሚለው በታች ከሆኑ፣ ወረዳዋ ሞዴሉ ያላየው ችግር አለባት ማለት ነው፤ ኢኤልኤል ይህን አይጠቀምበትም። እነሱ ያቀረቡት «ኢምፒሪካል ቤስት» የተባለው ዘዴ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ትኩስ ቆጠራ ያለው አገር ዛሬ ከሁለቱ ሁለተኛውን ይምረጥ፤ ለዚህ የሚሆን ፓኬጅ አርና ስታታ በተባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች አለ። ናሙና ላልደረሳት ወረዳ ግን ሁለቱም ከሞዴሉ ሌላ የሚናገሩት የላቸውም።

አንድ አቋራጭ መንገድም አለ፤ አትሂዱበት። ቆጠራው ሲያረጅ፣ የጥናቱን የቤተሰብ ወጪ በወረዳ አማካዮች ብቻ አስረድቶ በዚያ ግምት ማውጣት። ለዓይን ደህና ይመስላል፤ የቤተሰብ ለቤተሰብ ልዩነቱን ስለማያውቅ ግን ግምቱን ያዛባዋል። የወረዳ አማካይ ብቻ ካላችሁ ወደ ፌይ-ሄሪዮት ተመለሱ።

ከሰማይ ማየት

እ.ኤ.አ. በ2016 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ናይጄሪያን፣ ታንዛኒያን፣ ኡጋንዳን፣ ማላዊንና ሩዋንዳን ወስደው ኮምፒውተር የቀን የሳተላይት ፎቶ ዓይቶ የአካባቢን ኑሮ እንዲገምት አስተማሩት፤ ከአካባቢ አካባቢ ያለውን ልዩነት እስከ 75 በመቶ ድረስ ማስረዳት ቻለ። ቶጎ በኮሮና ጊዜ ኖቪሲ የተባለውን የገንዘብ ድጋፍ ወደ ገጠር ስታሰፋ፣ 100 ድሃ ካንቶኖችን (ትንንሽ የአስተዳደር አካባቢዎችን) የለየችው በእንዲህ ዓይነት ካርታ ነው፤ ግለሰቦቹን ደግሞ በሞባይል አጠቃቀም።

የሳተላይት ካርታ መቼም ትኩስ ነው፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ሳተላይቱ ድህነትን አያይም፤ ጣሪያ፣ መንገድና መብራት ነው የሚያየው፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚማረው ከዚያው ከቤተሰብ ጥናት ነው። ከተማን ከገጠር መለየት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ድሃ ገጠርን ከባሰ ድሃ ገጠር መለየት ላይ ይደክማል፣ ሴፍቲኔት የሚፈልገው ግን ያንን ነው። አፋርና ሶማሌ ክልል ደግሞ ሀብት በእግሩ ይሄዳል። አምሳ ግመል ያለው ሰው ቤት ከሰማይ ሲታይ አንድ ጎጆ ነው፣ ሌሊትም ጨለማ ነው። የቀደሙት የፍጆታ ጥናቶችም ቋሚ ሰፈራ የሌላቸውን አካባቢዎች ስለማይጨምሩ ኮምፒውተሩን የሚያርመው አልነበረም። እነዚህ ቦታዎች ላይ የሚወጣ ባለቀለም ካርታ ስታዩ ተጠራጠሩ።

ስለዚህ ሳተላይትን ብቻውን ሳይሆን የፌይ-ሄሪዮት ሁለተኛ ምስክር መጋቢ አድርጌ ነው የምወስደው። የንብረት ኢንዴክስን በተመለከተም ባጭሩ፦ ሬዲዮ፣ አልጋና ሽንት ቤት ቆጥሮ ደረጃ ማውጣት ለጤና ጥናት ያገለግላል፤ «ስንት በመቶ ድሃ» ለሚለው ግን መልስ አይሆንም፣ መስመር የለውምና።

ታዲያ የቱን እንያዝ?

በኢትዮጵያ፣ አዲስ ቆጠራ እስኪመጣ፣ የእኔ ምርጫ ፌይ-ሄሪዮት ነው፤ እሱንም ከተቻለ በዞን ደረጃ፣ ግድ ካለ በወረዳ። ቆጠራው ተካሂዶ መረጃው በተለቀቀ ሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ያኔ ኢምፒሪካል ቤስት ይቅደም። ፈጣን አደጋ መጥቶ በሳምንታት ውስጥ መወሰን ካለበት ሳተላይት ይሁን፤ ዝርዝሩን ግን አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳያየው አይውጣ። የማንም ጥናት ቡድን ቀበሌ ድረስ እወርዳለሁ ካለ፣ ዘዴው ምንም ይሁን ምን እኔ አልፈርምም።

ለምን ውሳኔ የሚለውም ይለያል። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ወረዳዎቹ የተመረጡት ባለፉት ተከታታይ ዓመታት በተቀበሉት የምግብ እርዳታ ታሪክ ነበር፤ የምግብ ዋስትና ማጣትና በወጪ የሚለካ ድህነት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይውሉም። ጥያቄው «ማን ይግባ፣ ማን ይቅር» ከሆነ ወረዳዎችን ከአንድ እስከ መቶ በተራ መደርደር አይበጅም። 38 የወጣላትና 35 የወጣላት ወረዳ ስህተታቸው 5 ነጥብ ከሆነ፣ የትኛዋ እንደምትብስ ቁጥሩ አያውቅም። በሦስት ቡድን መክፈል የበለጠ ሐቀኛ ነው።

ሶፍትዌሩ የማያርመው

ከሁሉም ዘዴ በላይ ያስቸገረኝ የስም ጉዳይ ነው። ጎሮ የሚባል ወረዳ ባሌም አለ፣ ደቡብ ምዕራብ ሸዋም አለ። ደራም እንደዚሁ ደቡብ ጎንደርም አለ፣ ሰሜን ሸዋ ኦሮሚያም አለ። አንድ ጊዜ የዝናብ መረጃን ከጥናቱ ጋር በወረዳ ስም አጋጥሜ፣ የአንዱን ጎሮ ዝናብ ለሌላው ሰጠሁት። ሞዴሉ አላጉረመረመም፤ ውጤቱም ደህና ይመስል ነበር። ያወቀው የዚያ አገር ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ካርታውን ዓይቶ «ይሄ የእኛ ጎሮ አይደለም» አለ። ከዚያ ወዲህ በስም አላጋጥምም፣ በኮድ ነው። ኮዱም ቢሆን ከ1999 ወዲህ ስንት ወረዳ ተከፍሏል! የቀድሞው የደቡብ ክልል ብቻ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኗል። የድሮውን ከአዲሱ የሚያገናኝ ሠንጠረዥ በእጅ ካልተሠራ የተቀረው ሁሉ አሸዋ ላይ ነው።

ሌላው ድምሩን ማስታረቅ ነው። የአማራ ወረዳዎች ግምት በሕዝብ ብዛት ተመዝኖ ሲደመር 28.4 መጣ እንበል፤ ኦፊሴላዊው ግን 26.1 ነው። እንዳለ ከወጣ ስብሰባው ሁሉ በዚያ ያልቃል። የተለመደው እያንዳንዱን በ26.1 ለ28.4 ማባዛት ነው፤ 38 የነበረችው ወደ 35 ትወርዳለች። ልዩነቱ ከዚህ የሰፋ ከሆነ ግን አታባዙት፤ ሞዴሉ ታሟል።

ሠንጠረዡ ሲታተም ከግምቱ ጎን ስህተቱ፣ ከስህተቱ ጎን ደግሞ የተጠየቁት ቤቶች ብዛት ይግባ። አንድም ቤት ያልተጠየቀባት ወረዳ ላይ ኮከብ ይደረግ፤ ቁጥሯ ከሞዴል ብቻ የመጣ ነውና። አስርዮሽ አያስፈልግም፤ 37.96 ብሎ መጻፍ የሌለ እርግጠኝነት መሸጥ ነው። እንዲህ ያልተዘጋጀ ሠንጠረዥ ከደረሳችሁም ለላካችሁ ሰው ስልክ ደውሉና «ከእኛ ወረዳ ስንት ቤት ተጠየቀ?» በሉት።